ሞተሩ እስኪበርድ

«አርባ ሰው ነው ወንድሜ ከእሳት ያወጣው! አርባ!» አለ ላቀው፣ ከአግዳሚው ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ብድግ ብሎ።

«ትናንት ሃያ አልነበሩም እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ ንፍሯቸውን እየዘገኑ።

«ሃያው በግራ እጁ ያወጣቸው ናቸው፣ አባባ።»

ለቀስተኛው ፈገግታውን በነጠላው ጫፍ ሸፈነ። የታች ጋይንት ግማሹ ድንኳኑ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ላቀው ታናሽ ወንድሙን ኪዳንን ቀብሮ ዛሬ ሣልስቱ ነው፤ እሱ ግን ተቀምጦ ማልቀስ አልሆነለትም። ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል። አብረውት ይሠሩ የነበሩት ወርቅነህና ጓደኞቹ ነገ ጠዋት ኪዳን ወደሞተበት የኦፓል ማዕድን ጉድጓድ ሊመለሱ ነው።

«ምን እናድርግ ጋሼ፣ እንጀራችን ነው» አለ ወርቅነህ። የተቃጠለ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ሞተሩ ሳይበርድ ቤንዚን እንዳትጨምሩ። ሌላ ምንም አልላችሁም።»

«እሺ ጋሼ።»

ላቀው ይህችን እሺ ያውቃታል። በጡጫ ስለገደላቸው አሥራ ሰባት ነብሮች ሲያወራም ሰው እሺ የሚለው እንዲሁ ነው። በዕድሜው አንዲት እውነት ቢናገር እሷንም ከነብሮቹ ጋር ደመሩበት።

ባለፈው ጥቅምት ጉድጓዱን ሊያይ ከወገዳ ከተማ ቁልቁል ወርዶ ነበር፤ ቁልቁለቱ ሁለት ጥንድ ጫማ በልቶበታል ባይ ነው። ሲደርስ በጉድጓዱ ዋሻ አፍ ያለው ጄነሬተር ቤንዚን ጨርሶ ቆሟል። ሠራተኞቹ መሰርሰሪያቸውን እንደያዙ ይጮኻሉ። ኪዳን ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቤተ ልሔም የዜማ ቤት ተማሪ ሳለ የያዘውን የዘወትር ጸሎት በግዕዝ ያነበንባል። ሲጨርስ መዳፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፤ ካልበረደለት ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«ይኼ ሰውዬ ሞተሩን ሊያቆርበው ነው!» ብሎ ነበር ወርቅነህ።

ታዲያ ከቀናት በፊት ኪዳን ውሃ ሊቀዳ ወደ ምንጭ ወረደ። ወርቅነህ መታገሥ አቃተው። በጋለው ጭስ ማውጫ ላይ የፈሰሰው ቤንዚን አንድ ሲኒ አይሞላም፤ ግን ቦግ አለ። ኪዳን ሮጦ ደርሶ፣ ወርቅነህ ላይ የተያያዘውን እሳት በጋቢው አፈነ። ከዚያ የሚነደውን ጀሪካን አንሥቶ ከዋሻው አፍ አራቀ፣ አብሮትም ነደደ፤ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩና። ሦስቱ ወጡ። ከወርቅነህ ጋር አራት። አራት ማለት ግን ላቀውን አልዋጥ አለው፤ ወንድሙ ያነሰበት ይመስለዋል።

ዛሬ ሊመሽ ሲል መሪጌታ በድምፅ ማጉያ እያስተማሩ ሳለ ድንኳኑ ጭልም አለ፤ ድምፃቸውም ተቆረጠ። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፣ ከጓሮ የሚሠራው ጄነሬተርም ቤንዚን ጨርሷል። ወርቅነህ በደህናው እጁ ጀሪካኑን ብድግ አድርጎ ሮጠ። ላቀው ተከተለው። ሲደርስ የጀሪካኑ ክዳን ተከፍቷል፤ ሞተሩ ገና ይግላል።

ላቀው ጀሪካኑን ነጠቀ፣ ክዳኑን አጥብቆ ዘጋና ራቅ አድርጎ ተቀመጠበት።

«ጋሼ፣ መሪጌታ ቆመው እየጠበቁ ነው እኮ!»

«ይጠብቁ።»

«ሕዝቡስ? ጨለማ ውስጥ?»

«ይቀመጥ።»

ወርቅነህ ተከትሎ የሚመጣውን ጉራ ጠበቀ። አልመጣም። እንዲህ ያለ ነገር በጋይንት ምድር ታይቶም ተሰምቶም አያውቅ። ከዚያ በጎርናና ድምፁ የወንድሙን ጸሎት ጀመረ። መሐል ላይ ጠፋው። እንደገና ጀመረ፤ እዚያው ላይ ሲደርስ ጠፋው።

የጠፋውን ቃል ያቀበለው ወርቅነህ ነው። ግዕዝ የት ያውቃል! ግን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ እየተሳደበ ሰምቶታል። አንዲት ቃል ሳይስት እስከ ዳር ዘለቀው።

ላቀው ሊነሣ ሲል ወርቅነህ ቀደመው። ፋሻ የሌለበትን እጁን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ መለሰው።

«ገና ነው» አለና ከላቀው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ጀመረ።