ሙክቱ ለምን ሰባ?

በ1977 ሐምሌ አንገር ጉቲን ላይ ዝናቡ አላባራም። ከወሎ ተነሥተን ከሰፈርን ስድስት ወር ሆኖን ነበር። እህል በጭነት መኪና ይመጣል፤ መንገዱ ሲጨቀይ አይመጣም። ወባ ነበር። ጠዋት የተቆፈረ መቃብር እስከ ማታ ይሞላል። ሰው ሁሉ ከሳ፤ የእኔ ፊትና እግር ግን ሞላ።

በዚያው ሰሞን ከመጋዘን እህል ጠፋ። ኃላፊው ጠራኝ።

«ሁሉም አጥንት ሆኖ አንተ ብቻ ወፈርክ። ሌባው አንተ ነህ።»

ሊያስሩኝ ሲሉ አንድ ሰው ወደ ፊት ወጣ። ጎጆ እንዲሠሩልን ከታዘዙት የአገሩ ገበሬዎች አንዱ ነው፤ ጉሉማ ይባላል። አማርኛው ጥቂት ነበር። ሱሪዬን ገለጠና አውራ ጣቱን ቅልጥሜ ላይ ተጫነ። ጣቱን ሲያነሣ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«ይህ ስብ ነው? ይህ ውሃ ነው። ረሃብ ነው» አለ።

ለቀቁኝ። ኋላ ሰው ስሆን በግ ነድቼ ቤቱ ሄድኩ። አልተቀበለም። «እኔ የሰጠሁህ ቃል ነው፤ በግ አይደለም» ብሎ መለሰኝ። ዕዳው እንዳለ ቆየ።

አሁን የምኖረው ነቀምቴ አቅራቢያ ጉቴ ነው። በግ አደልባለሁ። አንገር ጉቲን ባለበት በጊዳ አያና ያ ሁሉ ግጭት ሲመጣ ጉሉማና ሴት ልጁ ሊሊሴ ቤታቸውን ጥለው እዚህ ገቡ። ሊሊሴ ሁለት ልጆች አሏት፤ ባሏ የለም። አራቱም የሚያድሩት በየወሩ በሚሰፈርላቸው የእርዳታ ስንዴ ነው።

ዘንድሮ ሊሊሴ ወፈረች። ፊቷ ሞላ፣ ወገቧ ሰፋ። ስትሰለፍ ይስቁባት ጀመር።

«አዴ ሊሊሴ፣ ስደቱ ተስማምቶሻል!»

ከሳቁ ወሬ ወጣ፦ በሁለት ስም ትወስዳለች። የስንዴው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጂሬኛ የሚባል መምህር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ያወቀውን ይዞ አይለቅም። በስብሰባ ላይ ስሟን ሊሰርዝ ብዕሩን አነሣ።

ተነሣሁ። ሊሊሴን እግሯን እንድትዘረጋ ጠየቅኋት። አባቷ ያኔ እንዳደረገው አውራ ጣቴን ተጫንኩ። ቆዳው ወዲያው ተመለሰ። ጉድጓድ የለም።

«አዩ ኦቦ ተረፈ፣ ውሃ አይደለም» አለ ጂሬኛ። «ነገሩ ግልጽ ነው። ብዙ ካሎሪ ያስገባ ይወፍራል። ከአየር የሚወፍር ሰው የለም።»

ጉሉማ ጥግ ተቀምጧል። ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮው ግን ይሰማል። አቀረቀረ።

«እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም» አልኩ። «ካሎሪ አላውቅም፤ በግ አውቃለሁ። መንታ ጠቦቶችን ከአንድ ገንዳ አበላለሁ። አንዱን አኮላሸዋለሁ፣ አንዱን እተወዋለሁ። የተኮላሸው ይሰባል፤ የወንድሙ ጎድን ይቆጠራል። ሙክቱ ለምን ሰባ፣ መምህር? ሰርቆ ነው?»

«ሰው በግ አይደለም።»

«አይደለም። በግ ሲወፍር ሌባ አይባልም።»

ሳቁ አሁን ወደ እሱ ዞረ። ጆሮው ቀላ።

«ማስረጃ ያምጡ» አለኝ።

«አመጣለሁ። ሃያ ቀን እኔ ቤት ትቀመጥ። የምትበላውን በአንድ ሳህን እሰፍራለሁ። አንተም እየመጣህ ያንኑ ብላ፤ አንድ ጉርሻ ሳትጨምር። ወይስ የቤትህ ድስት ይናፍቅሃል?»

«መምህር ፈሩ እኮ!» አለች አንዷ ከኋላ።

ፈራ መባል አልወደደም። እሺ አለ።

ባለቤቴ ሸዋጌጥ የሊሊሴን ወገብ በሲባጎ ለካች፤ የመምህሩን እኔ ለካሁ። ሲባጎው ወገብ ላይ ዞሮ በተጋጠመበት ቆረጥነው። ምግቡ ቂጣና ሽሮ ነው፤ ለሁለቱም እኩል። ሸዋጌጥ ቀንም ሌትም ከሊሊሴ አልተለየችም። እኔም አየሁ። ሊሊሴ ድርሻዋን አትጨርስም። እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ጋቢ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። ተቀምጣ ታንቀላፋለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጂሬኛ ሳህኑን አገላብጦ አየ።

«አዴ ሸዋጌጥ፣ ይህ ሳህን ከትናንቱ አላነሰም?»

«ያው ነው። የበዛው ረሃብዎ ነው» አለችው።

በሃያኛው ቀን ሲባጎዎቹን አወጣን። የመምህሩ አራት ጣት ተረፈ። የሊሊሴ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ፤ ግማሽ ጣት አጠረ።

ጂሬኛ የሊሊሴን ሲባጎ ተቀብሎ በጣቱ ለካ። «እንዴት ይሆናል?» አለ ኋላ።

«ምግብ አያወፍርም አላልኩም፤ ይኸው አንተ ከሳህ። ብቻውን አይደለም ነው ያልኩት። የቀረውን ሐኪም ይንገረን።»

ጂሬኛ ራሱ ነቀምቴ ወሰዳት። ሐኪሙ አንገቷን ዳሰሰ፣ ደሟን አስመረመረ። አንገት ውስጥ ያለ እጢ ሥራው ደክሟል፣ ያወፈራትም የሚያበርዳትም እሱ ነው አለ፤ በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን ሰጣት።

በሚቀጥለው እደላ ጂሬኛ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ስሟን አነበበ።

«ሊሊሴ ጉሉማ። አልሰረቀችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

የዚያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ስንዴውን ተሸክሜ ቤታቸው አደረስኩ። ጉሉማ ድምፄን ሰምቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ። «ገለቶሚ» ብሎ አላመሰገነኝም። ሱሪዬን ገለጠና አውራ ጣቱን ቅልጥሜ ላይ ተጫነ። ቆይቶ አነሣው፤ ቦታውን በመዳፉ ዳሰሰ። ጉድጓዱ ሞልቷል።

«ቃሌን መለስክ» አለ። «አሁን በጉን አምጣ።»

ካሉኝ ሙክቶች ትልቁን ነድቼ መጣሁ።