የጫማ ቀለም ክዳን

የሰደበኝ የእህቴ ባል ነው። ቅዳሜ ነበር፣ ከምሳ በኋላ፣ አባቴ በተኛበት ክፍል። የመድኃኒቱ ብርጭቆ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ፤ ተቀመጥ ያለኝ የለም። አባቴ «መኪናዋን እንግዲህ ለማን ልተዋት?» አለ። አፌን ሳልከፍት ሰውየው ቀደመኝና «መኪና ለሚነዳት እንጂ ለሚዳብሳት አይሰጥም» አለ። አባቴ ሳቀ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ሳቅ ነው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ በመካኒክነት የምሠራበት ጋራዥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ስሜ «ዳባሹ» ሆኖ ቀረ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ግን ቂም ደብተር አይፈልግም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ያችው የአባቴ የጭነት መኪና በሰንሰለት ተጎትታ የጋራዡ ግቢ ገባች። መሪውን የያዘው የእህቴ ባል ነው፣ እህቴ ጎኑ ተቀምጣለች። ከኋላቸው አንድ ብረት ቆራጭ የጋዝ ሲሊንደሩን በጋሪ እየገፋ መጣ።

«ውሃ ትጠጣለች» አለኝ የእህቴ ባል፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ። «እሞላላታለሁ፣ ትጨርሰዋለች። የት እንደምታደርሰው እሷ ትወቅ! መሬት ላይ ጠብታ የለም። በቃ፣ ሞተሩ ተሰንጥቋል፤ እዚሁ ትቆራረጥና እንገላገል።»

እህቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«ወንድምዬ፣ ከአባባ የቀረችን ይህቺው ናት። ቆራጩ እስከ ምሳ ይጠብቃል። እስከዚያ ካገኘኸው አትነካም፣ አስምዬዋለሁ።»

«ባላገኘውስ?»

ሲሊንደሩን ብቻ አየችው።

ቆራጩ ሲሊንደሩን አጠገቤ አጋድሞ ተቀመጠበት። እሳት መለኮሻውን ቀጭ ያደርጋል። ቀጭ። ቀጭ። ጆሮዬ ውስጥ የገባ ይመስለኝ ጀመር።

አስነስቼ አየኋት። ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት አይወጣም። ዘይቱን አየሁ፤ ውሃ ገብቶበት ቢሆን እርጎ ይመስል ነበር፣ ጥቁር ነው። ስለዚህ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ደህና ነው። ልቤ ወደ ውሃ ፓምፑ ሄደ። ለምን ቢባል፣ ፓምፑን የገጠመው የእህቴ ባል በገዛ እጁ ነው። ቺንጋውን ፈታሁ፣ ፓምፑን አወረድኩ። ደረቅ። ውሃ እንዳያልፍ የሚያትመው ጋስኬትም በወጉ ተቀምጧል። የጠዋቱን ግማሽ በላብኝ።

«ዳባሹ! ምነው፣ ጠፋችብህ እንዴ?» አለኝ የእህቴ ባል ጥላ ስር ሆኖ። ቆራጩ ሳቀለት።

ፓምፑን መልሼ ገጠምኩ። ከዚያ የራሴን ዘዴ አመጣሁ፦ የጎማ ንፋስ መሙያ አፍ የበየድኩበት አሮጌ የራዲያተር ክዳን። ውሃ ሞልቼ በእሱ ከደንኩና በእጅ መንፊያ ቀስ እያልኩ ነፋሁ። ካበዛሁት ያረጀው ራዲያተር ይፈነዳል፤ ካሳነስኩት ሽንቁሩ አይናገርም።

«ዝም በሉ!» አልኳቸው።

መለኮሻው ቀጭ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ በናትህ ያንን ነገር ተወው!»

ዝም ሲሉ ሞተሩን ከሚያስነሳው ሞተሪኖ ጀርባ «ሲስ» የሚል ሰማሁ። ዓይን አይደርስበትም። እጄን ሰደድኩና ዳበስኩ። እርጥብ ነው። ለካ ሲግል የሚወጣው ውሃ እዚያው ብረቱ ላይ እየተነነ ነው መሬት ሳይደርስ የሚቀረው።

ሞተሪኖውን አወረድኩ። በሞተሩ ጎን የውሃውን መንገድ የሚደፍኑ፣ ትልቅ ሳንቲም የሚመስሉ ክዳኖች አሉ። ዕድሜ ልኳን የጉድጓድ ውሃ ነው ያጠጣናት፤ ዝገት ክዳኖቹን ይበላል። ይኸኛው ግን የፋብሪካ አልነበረም። ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ዳር ዳሩ በሬንጅ የተለሰነ። በካቻቢቴ ፈልቅቄ አወጣሁትና በጨርቅ ጠረግሁት።

የጫማ ቀለም ክዳን።

አባቴ ጫማውን ሳይወለውል መሪ አይጨብጥም ነበር። ሬንጁ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ደርቋል፣ መሃሉን ያ የአባቴ ጣት ጠባሳ የሰነጠቀው። የሆነ መንገድ ላይ ፈንድታበት ለጥፏት፣ ለማንም ሳይናገር ነድቷት ሞተ። መካኒክ ወልዶ፣ በጫማ ቀለም ክዳን! ለእኔ ከሚያሳያት ሬንጅ ይሻለው ነበር ማለት ነው።

ክዳኑን ኪሴ ከተትኩት። ማዶ ካለው የመለዋወጫ ሱቅ ደህናውን ክዳን ሮጬ አመጣሁ፤ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት አጠራሁ፣ ማጣበቂያ ቀባሁ፣ በመዶሻ ዙሪያውን እኩል እየነካካሁ አስገባሁት። ነፋሁ። ሲስ የለም። ሞተሪኖውን መለስኩና ቁልፉን አዞርኩ፤ ተነሳች፣ እያጉረመረመች እንደ ልማዷ።

እህቴ ወደ ቆራጩ ዞረች። «ሂድ ወንድሜ፣ ሌላ ሬሳ ፈልግ» አለችው። ጋሪውን እየገፋ ወጣ።

የእህቴ ባል መጣና የሬንጁን ፍርፋሪ በጫማው ገፋ ገፋ አደረገው።

«ኧረ የማን ደንቆሮ ነው ሞተር በሬንጅ የሚለጥፍ? አንተው ትሆናለህ እንጂ! በልጅነትህ ስትዳብሳት።»

እህቴ ከደስታዋ ብዛት አብራው ሳቀች። «ወንድምዬ፣ ይሰድብሃል እኮ! በል መልስለት።»

ክዳኑ ጭኔን ይወጋኛል። አውጥቼ ባሳያት፣ ያን ጠባሳ ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። ሳቁ የእሱም አፍ ላይ፣ የእሷም አፍ ላይ ይደርቅ ነበር። ግን «ደንቆሮ» የተባለው አባቴ ሊሆን ነው።

እጄን በጨርቅ ጠረግሁ። መንፊያዬን ከመሬት አነሳሁና ወደ ግቢው በር ሄድኩ።

«ዳባሹ!» ብሎ ተጣራ ከኋላዬ። «አንተ ዳባሹ! እያናገርኩህ!»

እግሬ አልቆመም።