አቶ ገረሱ ሲመጡ የሚመጣው ውሃ

ወይዘሮ ጽጌማርያም ባላቸው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። ቤቴል ያለችው ቤታቸው ቧንቧም ውሃ የምታገኘው በሳምንት አንዴ ነበር። አየር ጤና ያለውን ጋራዣቸውን ለልጃቸው ትተው ከሥራ የተገለሉት አቶ ገረሱ ሊጠይቋቸው ብቅ ማለት ከጀመሩ ወዲህ ግን፣ ሰውዬው በሩን ሲያንኳኩ ቧንቧዋ ትንፎለፎላለች፤ ሲወጡ ጸጥ ትላለች። ጎረቤቱ ጀሪካን ይዞ ሲደሰት ወይዘሮዋ ተጠራጠሩ። መስተፋቅር ቢያሠሩብኝ ነው እንጂ በስልሳ ዓመቴ በር በር የማየው በጤናዬ ነው?

ማክሰኞ ዕለት ጠበል በብርጭቆ ቀድተው ሰውዬው ገና ሳይቀመጡ ሰጧቸው። ክፉ ነገር ያለበት ሰው ጠበል ሲቀምስ ይጮሃል። አቶ ገረሱ ግን ግጥም አድርገው ጠጡና ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አወጡ።

“እርስዎም የኔን ጠበል ይቅመሱልኝ” አሉ አቀርቅረው። “እቤቴ ሆኜ እርስዎን ሳስብ የኔም ቧንቧ ትፈሳለች።”

“መተተኛ ነሽ ነው የሚሉኝ?”

“እርስዎስ ምን ብለው ነው ያጠጡኝ?”

ወይዘሮ ጽጌማርያም አማትበው ጠጡ። ማንም አልጮኸም። ውጭ ቧንቧዋ ሥር ያለው ባልዲ ሞልቶ ይፈሳል።

“እንግዲህ ሽማግሌ ልላክ?” አሉ አቶ ገረሱ።

ወይዘሮዋ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

“ይላኩ። ግን ወጉ ነው ብለው እርስዎ እንዳይቀሩ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን በምን ይታጠባሉ?”