ለባንክ የመጡ ሽማግሌዎች

ማንም የማያስገባበት፣ ማንም የማያወጣበት፣ በየወሩ ግን የሚቆረጥበት የባንክ ሂሳብ እስከ መቼ ይያዛል? ይህን የጠየቀኝ ሚኪያስ ነው። ሚኪያስ ከጎጃም ተመድቦ ቆቦ የመጣ የባንክ ሠራተኛ ነው። ሰው ያከብራል፤ የእኛ ሙቀት ግን አሸንፎታል። ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ፣ «እህት ረድኤት፣ ለካርዱና ለስልክ መልእክቱ የሚቆረጠው የቀረውን ሊጨርሰው ነው። ወይ ትንሽ አስገቢበት፣ ወይ እንዝጋው» አለኝ።

ሂሳቡ የእኔና የታናሽ ወንድሜ የተዋቸው የጋራ ነው። እኔ ህንድ አገር ተምሬ ወደ መስኖ ሥራ ስመለስ እሱ በጅቡቲ በኩል ሳውዲ ሊገባ ተሰናድቶ ጠበቀኝ። ሳይሄድ አብረን ገብተን ከፈትነው። የሚልከው በሁለታችን ስም ይጠራቀምና የውሃ ፓምፕ እንገዛለን አለ። ሳውዲ፣ ጂዛን ከደረሰ በኋላ ጥቂት ጊዜ ላከ። የላከውም እናታችን ስትታመም ወጣ። ከዚያ ታስሯል የሚል ወሬ መጣ፤ ቀጥሎ ወሬውም ጠፋ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው።

የሚቆረጠው ብር አይደለም ያሰለቸኝ። ባንኩ በቆረጠ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል። እናቴ በላይነሽ ጓሮም ብትሆን ትሰማዋለች።

«ተዋቸው ነው?»

«አይ እማ፣ ባንኩ ነው።»

«ላከ?»

«አልላከም። ባንኩ ለራሱ ወስዶ ነው።»

ከዚያ ቀኑን ሙሉ በሩን ስታይ ትውላለች። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ያው ነው። እኔ ለአንድ ዓመት ብዬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ማታ ማታ የሥራ ማስታወቂያ እያየሁ፣ ማመልከቻ እየጀመርኩ እተዋለሁ። ያን ድምፅ የምትጠብቅ እናት ትቼ መሄድ አልሆነልኝም።

እንዝጋው ስላት፣ «አይዘጋም» አለች። «ስልክ ይቀማል፤ ቁጥር አይቀማም። ያን የሂሳብ ቁጥር በቃሉ ነው የያዘው።»

«ለባዶ ቤት ኪራይ እየከፈልን እኮ ነው።»

«ባዶም ቢሆን በሩን ያውቀዋል።»

ስለዚህ ሳልነግራት ልዘጋው ወሰንኩ። ለማውጣት የአንዳችን ፊርማ ይበቃል፤ ለመዝጋት ግን የሁለታችን ያስፈልጋል። ሚኪያስ ሥራ አስኪያጁን ጠይቆ፣ ተዋቸው ያለበት እንደማይታወቅ ሦስት ሽማግሌዎች መስክረው ቀበሌው ደብዳቤ ከጻፈ ይበቃል አለኝ። የእድራችንን ዳኛ አባ ዳምጤን፣ ጡረታ የወጡትን መምህር አቶ ሞላንና ባለሱቁን ሐጂ ዘይኑዲንን ለመንኳቸው። ሦስቱም እሺ አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ እርሻው ሳይወርድ ካልተያዘ ስለማይገኝ በማለዳ ቀበሌው በር ላይ እንገናኝ አልኳቸው።

አባ ዳምጤ ይህ አልተዋጠላቸውም። «የእናትሽን ደጅ አልፈን፣ እንደ ሌባ መንገድ ላይ አንቆምልሽም። ቤት መጥተን፣ ሰላም ብለናት፣ አብረን እንሄዳለን» አሉ። ደግነት መስሎኝ፣ ስለ ባንኩ እንዳያነሱባት ብቻ ለምኜ ተስማማሁ። ደግነትም ነበር።

እናቴ ግቢ ውስጥ ፊቷን እየታጠበች ነበር። ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ባለመስቀሉና ባለሙስባሃው ጎን ለጎን ሆነው፣ ምንም ሳይነጋገሩ በሩን ከፍተው ገቡ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይመጣል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ለባንክ ጉዳይ ግን ትዝ አላለኝም። አባ ዳምጤም ሰላምታ ሊያስቀድሙ ብለው፣ «በላይነሽ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አሉ።

ማንቆርቆሪያውን ወረወረችው።

«ተዋቸውዬ! ልጄን! ልጄን!»

ከቤት እስክወጣ ጎረቤታችን አስካለ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አጥሩን አልፋለች። ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሦስቱን ያየ ሁሉ ይገባዋል። የሰፈሩ ሴቶች ደረት እየመቱ ሲገቡ አቶ ሞላ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ «ኧረ ተረጋጉ፣ ኧረ ቆይ!» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

«አልሞተም!» ብለው ጮኹ ሐጂ ዘይኑዲን። «ወላሂ አልሞተም! በላይነሽ፣ ለባንክ ነው የመጣነው!»

አስካለ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ቆመች። «ለባንክ? ሦስት ሽማግሌ በዚህ ማለዳ ለባንክ? ልትዘርፉት ነው?»

«ለመመስከር ነው እንጂ።»

«ምን ብላችሁ?»

ሐጂ ዘይኑዲን ወደ አባ ዳምጤ አዩ፤ አባ ዳምጤ መሬት አዩ። «ያለበት አይታወቅም ብለን» አሉ በመጨረሻ አቶ ሞላ።

«እና ይሄ ከመርዶ በምን ይለያል?» አለች አስካለ። ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ደግሞ! ህንድ ድረስ ሄደሽ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጠፋሽ?»

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ከበደም ሞቱን ሊለፍፍ ወጥቶ ኖሮ፣ መናኸሪያው ጋ ሳይደርስ ልንይዘው አልቻልንም። ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ጎብዬም ወደ ዋጃም ወረደ። ለቀናት ሰው መጣ። በር ላይ «አልሞተም፣ ስህተት ነው» እንላለን፤ «እሰይ፣ እግዜር ይመስገን» ይሉና የያዙትን ንፍሮ የት እንደሚያደርጉት ይጨንቃቸዋል። አክስቴ ደመቀች ከዋጃ እያለቀሰች ደርሳ ነገሩን ሰማች። ከዚያ «እንግዲህ ከመጣሁ አይቀር» ብላ ለሞተው ባሏ እንደ አዲስ አለቀሰች። እናቴም አብራት አለቀሰች። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።

የመጨረሻዎቹ እንግዶች ሲሄዱ እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን አላቀናችውም።

«ሂሳቡን ዝጊው» አለችኝ።

«እማ፣ አልሞተም እኮ።»

«አይተሽዋል?»

«አላየሁትም።»

«እኔም አላየሁትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማልቀስ ሟርት ነው እያላችሁ አፌን ይዤ ኖርኩ። አሁን ወጣልኝ፣ እታለም። ያ ስልክሽ እየጮኸ እንደገና አያስነሳኝ። ደክሞኛል።»

ሽማግሌዎቹ ከዚያ ሁሉ በኋላም ቀበሌ ሄደው መስክረው ነበር። ደብዳቤውን ይዤ ባንክ ገባሁ። ሚኪያስ ወረቀቱን አዘጋጅቶ፣ የምፈርምበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ። እስክሪብቶውን ያዝኩ። ለወራት የፈለግሁት ይህንኑ ነበር፤ አሁን እናቴም ፈቅዳለች። በሕይወት አለ ብዬ ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ሞቷል ብዬም አላውቅም። ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች «ልጅት፣ ቶሎ በይ እንጂ» ሲሉ ይሰማኛል።

«መልእክቱን ብቻ ማስቀረት ይቻላል?» አልኩት።

ሚኪያስ ቀና አለ። «የስልክ መልእክቱን? ይቻላል። የካርዱ ክፍያ ግን ይቀጥላል። ደግሞ ብር ቢገባም አይነግርሽም።»

«እየመጣሁ አያለሁ።»

«በየጊዜው?»

«በየጊዜው።»

ሚኪያስ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ጎን አደረገው። ከደሞዜ ትንሽ አስገባሁ።

ቤት ስገባ እናቴን፣ «ከእንግዲህ አይጮህም» አልኳት። ተዘጋ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። በዚያ ሳምንት ነጠላዋን አቀናች። እኔ ደግሞ የጀመርኩትን ማመልከቻ አጠፋሁት። ባንኩን ማየት ያለበት ሰው ቆቦ መኖር አለበት።

ሁለት ዓመት ያልተከፈተውን የተዋቸውን ስም ስልኬ ላይ በኢሞ መልእክት መላኪያ ከፍቼ ጻፍኩለት፦ «እዚህ ተለቅሶልሃል። በስህተት ነው፤ ከሌላ ሰው ብትሰማ እንዳትደነግጥ። ሂሳቡን አልዘጋሁትም። እማ ደህና ናት። ያለህበትን ብቻ ጻፍልኝ፣ ሌላ ምንም አትላክ።»

ላክሁት። መልስ አልመጣም።