ያሲ ያልተወጋችው መርፌ

እኛ መንደር እንቅርት የሌለው አንገት ነው ጉድ የሚባለው። የአማቴ እንቅርት ከመተለቁ የተነሳ ዶሮ ሰፍራበት ሦስት ጫጩት ፈልፍላለች፤ ያላመነ ጫጩቶቹን ይጠይቅ። እኔ ዶኩላ፣ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ጥዬ እንዲህ እያወራሁ ነው ሰው ሳስቅ የኖርኩት።

አንድ ቀን ዜንጌ የሚባል ነርስ ከገመና ከተማ መጣ። ግድግዳ ላይ በከሰል አንገት ሣለና መሐሉ ላይ ቢራቢሮ የምትመስል ነገር አስቀመጠበት።

"ይህች ዕጢ ናት። ልጁ ገና በማኅፀን ሳለ ከምላሱ ሥር ተነስታ ወደ አንገቱ ትወርዳለች" አለ። "የእናትየው ደም አዮዲን ካነሰው ግን ትራባለች። የናንተ መሬት አዮዲን የለውም። ካሳቫውንም ሦስት ቀን ሳትዘፈዝፉ ስለምትበሉት ያለችውን ጥቂት አዮዲን ያባክንባችኋል። እናትየው ይህን የአዮዲን መርፌ ካልተወጋች ልጁ ጆሮው ሳይሰማ፣ አእምሮው ሳያድግ ሊቀር ይችላል። ነገ ጠዋት እርጉዞች ይቅደሙ፤ እኩለ ቀን ላይ ወንዙን ተሻግረን እንሄዳለን።"

ሚስቴ ያሲ የሦስት ወር እርጉዝ ነበረች።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት የዘንባባ ጠጅ እየጠጣን አፌ አላርፍ አለኝ።

"ያቺ ቢራቢሮ እኮ መርፌ ሲነካት ትነቃለች" አልኩ። "ገመና ላይ አንዷ ተወግታ ስታዛጋ ቢራቢሮዋ በአፏ በርራ ወጣች። እርጉዝ ከሆነችማ ልጁንም አንጠልጥላ ነው የምትሄደው።"

ወንዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከአጥሩ ወዲያ ካሳቫ የሚወቅጡት ሴቶች ግን ዘነዘናቸውን አቆሙ። ሰምቻለሁ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ጠዋት ወረፋው ላይ የቆሙት አራት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ያሲ ወደ እናቷ እርሻ ሸሽታለች። ሮጬ ደረስኩባት።

"ያሲ፣ ውሸቴን ነው፤ ተመለሺ።"

"የቱ ነው ውሸቱ? የትናንቱ ወይስ የአሁኑ?"

"የትናንቱ። እናቴ ትሙት።"

"እናትህን አዞ እንደበላት ነግረኸኝ አይደል እንዴ ያገባኸኝ? ቤትህ ስገባ ኦቾሎኒ ስትፈለፍል አገኘኋት። ሂድ፣ ልጄን ለማንም አልሰጥም።"

ስለምናት ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ተሸንፋ ተከትላኝ ዳርቻው ስንደርስ የዜንጌ መኪና ጀልባ ላይ ሆኖ ወንዙን አጋምሷል። ጮህኩ። ዜንጌ የምሸኘው መስሎት እጁን አውለበለበልኝ።

ልጃችን ጎሚ ስትወለድ አላለቀሰችም። ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፤ ምላሷ አፏ ውስጥ አይገባም። ስድስት ዓመት ሆኗት ቁመቷ ከጉልበቴ እምብዛም አላለፈም። ሙቀጫ አጠገቧ ቢወድቅ ዞራ አታይም።

በዚያ ዓመት ዜንጌ ተመለሰ። ሰዉ በተሰበሰበበት ተነስቼ "የቢራቢሮውን ወሬ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ስለ ልጆቻችሁ ብላችሁ ተወጉ" አልኩ።

"ጀመረው ደግሞ" አለ አንዱ።

"ዛሬስ በየት በኩል ነው የምትወጣው?" አለች ሌላዋ፤ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ያሲ ያዘለቻት ጎሚም ፊታቸውን ዙሪያውን አየችና አብራ ሳቀች።

ያሲ ልጅቷን አውርዳ ፊታቸው አቆመቻት።

"ይኸው" አለች። "እኔም ያልተወጋሁት ልጄን ላተርፍ ብዬ ነበር።"

ሳቁ ተቋረጠ። አንዲት እርጉዝ ክንዷን ዘረጋች፤ ሌላዋ ከኋላዋ ቆመች።

"ለእሷስ፣ ዶክተር?" አለች ያሲ።

"አንገቷን ይጠቅማት ይሆናል" አለ ዜንጌ። "የጆሮዋና የአእምሮዋ ነገር ግን አልፏል።"

"ይሁን፣ ይውጓት።"

ጎሚ ሰዉ መሳቁን ለምን እንደተወ አልገባትም። ወደ እኔ ዞራ አፍ አፌን ታየኛለች።