የአውራ ጣት ምልክት ያለበት እንስራ

ልባም አንባቢ ሆይ፥ የነጋዴ ሀብት የሚጸናውም የሚፈርሰውም ገዢው ወደ ቤቱ ሲመለስ በልቡ ይዞት በሚሄደው ደስታ ወይም ቅሬታ ነው፤ ለዚህም ምስክር ትሆነን ዘንድ የሸክላ ሠሪዋን የአንጓችን ነገር በምስጋና እናወሳለን። ይህች ትሑትና ዓይን አፋር ሴት በሠራችው እንስራ ሁሉ ግርጌ የአውራ ጣቷን ምልክት ታትም፥ በገበያም ውኃ ሞልታ ጥላ ሥር ታስቀምጥና ገዢውን «ትንሽ ይታገሡ፤ ካላፈሰሰ ይወስዱታል» ትለው ነበር። ችኩሉ ሁሉ ግን እርሷን ትቶ ስንጥቁን በሰም እየደፈነ ወደሚሸጠው ወደ ጎረቤቷ ወደ ጓንጉል ይሄድ ስለ ነበር፥ ክረምቱ ሲቃረብ አሥራ ሁለት እንስራ ሳይሸጥላት ቀረ፤ እነዚህ ካልተሸጡ ደግሞ ጥበቧን ትታ በሰው ቤት ከማደር በቀር ተስፋ አልነበራትም።

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፥ ወይዘሮ ድንቅነሽ የተባሉ ባልቴት ስባሪ ገል ታቅፈው እያለቀሱ ወደ ገበያው መጡ።

«አንቺ ሴት፥ ወንድሜ ካንቺ የገዛው እንስራ የባሌን ተዝካር ጥንስስ ምድር አጠጣው! ዛሬ መልሼ ካልጠነሰስሁ አይደርስልኝ፤ በእጄም ቤሳ የለኝ!»

ጓንጉል ሳቀ። «አንጓችዬ፥ እንስራሽ እንዳንቺ ዓይን አፋር ነው ስል፥ ለካስ አልቃሻ ኖሯል!»

አንጓች ገሉን ገልብጣ ብታይ ምልክቷ የለበትም፤ በስንጥቁ ውስጥ ግን ሰም ደርቋል። ወንድምየው መጠበቅ ሰልችቶት ከጓንጉል እንደ ገዛ፥ ለእኅቱም እንደ ዋሸ ተረዳች፤ ነገር ግን ያዘኑትን ሴት በሰው መካከል ማሳፈር ስለ ከበዳት፥ «አይዞዎት፥ እመቤቴ፤ ይደርሳል» ብላ፥ ገበያው ገና ሳይሞቅ አንዱን እንስራ በጀርባዋ አዝላ እስከ ባልቴቲቱ ደጅ ዳገቱን ወጣች፤ እዚያም በውኃ እስኪፈተን ድረስ ጌሾ ስትወቅጥላቸው ዋለች።

ተዝካሩ በሰላም አለፈ። ወይዘሮ ድንቅነሽም እንስራውን ሲያጥቡ ግርጌው ላይ ያለውን ምልክት አዩ፥ ስባሪው ላይ እንዳልነበረም ትዝ አላቸው፤ ወንድማቸውን አፋጠው እውነቱን አናዘዙት። በሚቀጥለው ቅዳሜ፥ ካፊያ እየወረደባቸው፥ የአገሩን ሴቶች አስከትለው ወደ አንጓች መጡ።

«ልጄ፥ የሌላውን ጥፋት ተሸክመሽ ዳገት ወጣሽልኝ። እነዚህ ሁሉ እስኪፈተን ይጠብቃሉ፤ ውኃውን የሚቀዳውም ይኸው ወንድሜ ነው!»

አሥራ አንዱም እንስራ በዚያው ቀን አለቀ፤ ያልደረሳቸው ሴቶችም ለመስከረም አዘዙ። አንጓች ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ሰው የገዛበትን ዋጋ ይረሳልና፥ በጭንቁ ቀን የተቀበለውን ፊት ግን ለልጅ ልጁ ያወርሳል።