የቦዔዝ ዝባዝንኬ

«አሶሳ ውስጥ እኔን የሚያስቸግር ኮምፒውተር ገና አልተሠራም» አለች የካርድ ክፍሏ እየሩስ፣ የክሊኒኩን ሰርቨር ኪቦርድ ወደ ራሷ እየሳበች።

አግዳሚው ላይ ወረፋ የያዙት ታካሚዎች አንገታቸውን አስግገው አዩዋት። መብራት ጠፍቶ ገና አሁን መምጣቱ ነው፤ የታካሚ መመዝገቢያው ፕሮግራም ግን አልነሳም ብሏል።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ሐኪም የለም ነው?» አሉ እማማ ኻሚስ። ከሸርቆሌ በሚኒባስ ሲንገጫገጩ የመጡ ናቸው፤ ትኩሳት የያዘው የልጅ ልጃቸው ደረታቸው ላይ ተለጥፏል። ለእሳቸው ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው።

«ሐኪሙማ አለ፣ እማማ። ባለፈው ሕፃኑን ያሳበጠው መርፌ የትኛው እንደሆነ ካላየሁ አልነካውም ብሎ ነው። የመርፌው መዝገብ ደግሞ ያለው እዚህ ማሽን ውስጥ ነው። ማሽኑን ያሳመመብን ቦዔዝ የሚባል ሰውዬ ነው።»

ቦዔዝ ባለፈው ሳምንት ከባምባሲ ተጠርቶ የመጣ ቴክኒሻን ነው። ቻርጀርና ግማሽ ዳቦ የያዘች ቦርሳውን የመንግሥት ምስጢር ያለባት ይመስል ከጉያው አያወጣትም። ፕሮግራሙ ወደ መረጃው የሚገባበት ፓስዎርድ ሰርቨሩ ላይ ባለው የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ሲያገኘው፣ ዓይኑ ፈጦ ሊወድቅ ደረሰ። ፓስዎርዱን ቀየረና አዲሱን ፕሮግራሙ ብቻ በሚፈታው ምስጢራዊ ጽሑፍ ቆልፎ አስቀመጠው። ፋይሉ ላይ የቀረው ድመት ኪቦርድ ላይ የተንጎማለለችበት የሚመስል ረጅም ዝባዝንኬ ነው።

«ከፋርማሲ እስከ መርፌ ክፍል እየተጯጯህን የምንነጋገረውን ፓስዎርድ ነው የምትደብቀው?» ብላው ነበር እየሩስ ያን ቀን። «ወረፋው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል እኮ።»

«ለዚያ ነው የቀየርኩት። ደግሞ ማሽኑ ለጥገና የወጣ ቀን ፋይሉን የሚያነበው የማታውቂው ሰው ነው፤ የታካሚውን ሁሉ ገመና ይዞ ይሄዳል። አዲሱን ላንቺ ብቻ ነግሬሻለሁ። አትጩኺው፤ ፋይሉንም አትንኪ።»

እየሩስ ደግሞ «አትንኪ» ካሏት አለቀ። ከስምንተኛ ክፍል ከወጣች ወዲህ ዲግሪ ያለው ሰው ሁሉ ቦርሳ የተሸከመ ቦርሳ ነው የሚመስላት። ቦዔዝ ገና በሩን ሳይወጣ ለክሊኒኩ ባለቤት ለአቶ ሙዐዊያ፣ «ለዚህች ነገር ሰው ማስጠራት ነውር ነው፤ እኔ አልበቃም?» አለቻቸው።

አቶ ሙዐዊያ ቃል የማይረሱ ሰው ናቸው። «እንግዲያው እሱን ሁለተኛ ካስጠራሽኝ፣ የሰፈራ መንደርሽ አምባ ተመልሰሽ የአባትሽን ማሽላ ትኮተኩቻለሽ» አሏት።

መኮትኮቻን ከቦዔዝም አብልጣ ትንቀዋለች።

አሁን ፋይሉን ከፈተችው። ዝባዝንኬው ተጋድሟል። «ይኸው በሽታው!» አለችና ጠርጋ አጠፋችው። በቦታው አዲሱን ፓስዎርድ ሰው በሚያነበው ፊደል ጻፈችና ፕሮግራሙን አስነሳችው። ቀይ ጽሑፍ መጣ። ደገመችው። አሁንም ቀይ።

«ቀዩ ጥሩ ነው?» አሉ እማማ ኻሚስ።

«እያሰበ ነው፣ እማማ።»

«እሱ ያስባል፣ ልጅ ይቃጠላል።»

አቶ ሙዐዊያ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ወረፋውን አዩ፤ ቀዩን አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ያ ቦርሳም ነው አይደል ያበላሸው? አንቺ ብቻ አዎ በይኝ። ወላሂ፣ ከእንግዲህ አሶሳ ውስጥ እንጀራ አይበላም።»

«አዎ» ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ለመሆኑ ሰውዬው ምኗ ነው? ባምባሲ ሄዶ ማንጎ ይሽጥ። «አዎ» ካለች ግን ማሽኑን የሚያስነሳ ሰው የለም፤ ሕፃኑ ደግሞ እያቃሰተ ነው፤ ወረፋውም ያየው የማንን እጅ እንደሆነ ያውቃል። በንዴት ስልኳን አውጥታ ደወለችና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቀችው።

«ቦዔዝ፣ ያንን ዝባዝንኬህን አጥፍቼ ፓስዎርዱን ጻፍኩበት። እኔ ነኝ።»

አቶ ሙዐዊያ ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ።

«ፕሮግራሙ የተቆለፈ ሊከፍት ሄዶ ክፍት ነገር ሰጠሽው፤ ምን ያድርግልሽ?» አለ ቦዔዝ። «መብራት ሲመጣ መረጃው ያለበት የማሽኑ ክፍል ዘግይቶ ነው የሚነሳው። ትንሽ ብትታገሺ ራሱ ይሠራ ነበር።»

«ስብከቱን ተወው። አንተን ካስመጣሁህ እኔ አምባ መግባቴ ነው። ምን ይሻላል?»

«ለምን ብዬ እመጣለሁ? እዚያው ፎልደር ውስጥ ወደ ታች ውረጂ። የፋይሉን ደህና ቅጂ ገና ያን ዕለት አስቀምጬዋለሁ። ስሙን ‹እየሩስ ስታበላሸው› ብዬዋለሁ።»